ዓሣውን ለፔሊካኑ ወይስ ፔሊካኑን ለዓሣው?

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። እናትሽም፣ ወንድምሽም፣ ሐይቁም ደህና ነው።

የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀትሽን በቴሌግራም የላክሽልኝን አየሁት። ከ20 ዘጠኝ። ማታ ደውዬ ላስረዳሽ ስል ኔትወርኩ ተቆራረጠብን፤ ስለዚህ ወረቀትና እስክርቢቶ አነሳሁ። አሁን ወደቡ ላይ ነኝ። ወደ ዘጌ የማደርሳቸው እንግዶች ገና ቁርሳቸውን አልጨረሱም፣ ጀልባዋም ታስራ ትወዛወዛለች። ጊዜ አለኝ።

የኔ እናት፣ የተሳሳትሽው ስለማታጠኚ አይደለም። በአማርኛ አስበሽ በእንግሊዝኛ ስለጻፍሽ ነው። እኔም ተሳስቼዋለሁ፣ ያውም በሰው ፊት።

ጀልባ ላይ ሥራ የጀመርሁ ሰሞን ነው። አንድ ልጅ ከወደቡ ዳር ተቀምጦ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይበልታል። ቢላዋውን በጅራቱ በኩል ያስገባና በአጥንቱ ላይ አንሸራቶ ሥጋውን ላጥ ያደርገዋል። ጭንቅላቱንና አንጀቱን ወደ ውሃው ይወረውራል። ፔሊካኖቹን ታውቂያቸው የለ፣ ያንን ከረጢት የመሰለ መንቆራቸውን ከፍተው ተኮልኩለዋል። አንዲት ፈረንጅ ልጁ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ሂ ጊቭስ ዘ ፊሽ ዘ ፔሊካን» አልኋት። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋን እየጠረገች «ምስኪን ዓሣ፣ እንዴት አድርጎ ይውጠዋል?» አለችኝ። ለካ እኔ ያልሁት «ለዓሣው ፔሊካን ይሰጠዋል» ነው!

ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው ያለው። በእኛ ቋንቋ «ዓሣውን ለፔሊካኑ ሰጠው» ብትይ፣ ገልብጠሽም «ለፔሊካኑ ዓሣውን ሰጠው» ብትይ ማንም አይስትም። «ን» የሚሰጠውን ነገር ይዛለች፣ «ለ» ደግሞ ተቀባዩን። እንግሊዝኛ «ን» የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው ቦታ ነው። ከግሱ ኋላ ሁለት ስሞች ተከታትለው ከመጡ የፊተኛው ተቀባዩ ነው፣ የኋለኛው የሚሰጠው ነገር። «ሂ ጊቭስ ዘ ፔሊካን ዘ ፊሽ» ማለት ነበረብኝ። ዓሣውን ማስቀደም ካማረሽ ደግሞ ተቀባዩ ፊት «ቱ» አስገቢ፦ «ሂ ጊቭስ ዘ ፊሽ ቱ ዘ ፔሊካን»።

መምህርሽ ዳይሬክት ኦብጀክት የሚሉት የሚሰጠውን ነገር ነው፣ በእኛ ሰዋስው ቀጥተኛ ተሳቢ። ኢንዳይሬክት ኦብጀክት ተቀባዩ ነው፣ ኢቀጥተኛ ተሳቢ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ግሱን ሁለት ጥያቄ ብትጠይቂው ይበቃል። ምን ሰጠ? ዓሣ። ለማን? ለፔሊካኑ።

ፈተናሽ ላይ «አባቴ ቦርሳ ገዛልኝ» ለማለት «ማይ ፋዘር ቦት ኤ ባግ ቱ ሚ» ብለሽ ኤክስ ገብቶብሻል። እዚህ ጋ «ቱ» ሳይሆን «ፎር» ነው። መቼ የትኛው እንደሚገባ እኔ የምለይበት ዘዴ አለኝ፣ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። ግሱን በአማርኛ በይው። «ሰጠኋት፣ አሳየኋት፣ አበደርኋት፣ ነገርኋት» ስትይ ተቀባይዋ በቀጥታ ግሱ ላይ ተለጥፋለች፤ እነዚህ «ቱ» ይወዳሉ። «ገዛሁላት፣ ሠራሁላት፣ አበሰልሁላት» ስትይ ግን መሐል ላይ «ላ» ገብታለች፤ እነዚህ «ፎር» ይወዳሉ። ሁልጊዜ አይሠራም። «ላክሁላት» እና «አመጣሁላት» ለምሳሌ «ላ» አላቸው፣ እንግሊዝኛው ግን ሲልክም ሲያመጣም ብዙውን ጊዜ «ቱ» ይላል። ቢሆንም እኔን ብዙ ቀን አውጥቶኛል።

አሁን ዋናዎቹን ወጥመዶች ስሚኝ፣ ሁለቱም ውስጥ ገብተሻል። አንደኛው «ኤክስፕሌን ሚ» ነው። በአማርኛ «አስረዳኝ» እንላለን፣ «ኝ» ግሱ ላይ ተቀምጣለች፣ ልክ እንደ «ሰጠኝ»። እና «ጊቭ ሚ» ካሉ «ኤክስፕሌን ሚ» ለምን አይሉም? እነሱ ግን አይሉም። «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» ነው፣ ያለ «ቱ» አይሄድም። ሁለተኛው «ሂ ሴድ ሚ»። ይኸኛው «አለኝ» ከሚለው የመጣ ነው። «ሴድ» ሰውን በቀጥታ አይቀበልም። ወይ «ሂ ቶልድ ሚ» በይ፣ ወይ «ሂ ሴድ ቱ ሚ»። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ስቸኩል «ኤክስፕሌን ሚ» ይወጣኛል፣ አትሳቂብኝ።

አንድ ነገር ረሳሁ። የሚሰጠው ነገር «ኢት» ሲሆን አስቀድሚው። «ጊቭ ኢት ቱ ሚ» በይ። «ጊቭ ሚ ኢት» የሚሉ ፈረንጆችም ሰምቻለሁ፣ አንቺ ግን ለፈተና የመጀመሪያውን ያዢ።

እንግዶቹ መጡ መሰለኝ፣ ባጃጅ ቆሟል። በነገው አውቶቡስ እናትሽ በርበሬና አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ልካለች። በርበሬው ያንቺ ነው፣ ቡናው የአክስትሽ። ስትሰጫት በእንግሊዝኛ ጽፈሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። አደራ፣ «አይ ጌቭ ዘ ኮፊ ማይ አንት» እንዳትዪኝ፤ አክስትሽን ለቡናው አትስጪብኝ።

አባትሽ
ከባሕር ዳር