የእድራችን ጣሪያ ተነሥቷል፣ የኢንተርኔት ስብሰባው ግን አይቋረጥ፦ የድጋፍ ጥሪ ከድሬዳዋ

ውድ የሰፈራችን ልጆች፣ እዚሁ ድሬ ያላችሁም፣ ጅቡቲና ባሕር ማዶ ያላችሁም፣

እንደገና እኛ ነን። ልመና እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ እኛም ታክቶናል። ያለፈው መዋጮ ግማሽ ሳይደርስ ቆሟል። በዚያ ላይ የሰሞኑ ነፋስና ዝናብ የእድሩን ክፍል ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ውሃው ላፕቶፑና ማይኩ ላይ ወረደ። ላፕቶፑ እስካሁን አልበራም።

«ስብሰባው በኢንተርኔት ከሆነ ክፍል ምን ያደርጋል?» የሚል ወሬ ቡና ላይ ደርሶናል። ክፍሉ መስማት ለተሳናቸው አባሎቻችን ስብሰባውን የሚያስተረጉሙት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች የሚሠሩበት ነው። ብርሃኑ ከፊት ለፊታቸው መምጣት አለበት፤ ከኋላ መስኮት ካለ ፊትና እጃቸው ይጠቁራል። ከጀርባቸው ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ የሰቀልነውም ለጌጥ አይደለም፣ እጃቸው ጎልቶ እንዲታይ ነው።

«ለምን ሁለት አስተርጓሚ?» ያላችሁም አላችሁ። አቦ፣ ይህን አንዴ በደንብ እንነጋገርበት። አስተርጓሚ ሌላው እየተናገረ ይሰማል፣ ወዲያው ይተረጉማል፣ እጁም ፊቱም አያርፍም። 20 ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ ይዝላል፣ ስህተትም ይበዛል። ስለዚህ ሁለት ሆነው ይፈራረቃሉ። በሙያው የተለመደ አሠራር ነው፣ እኛ የፈጠርነው ቅንጦት አይደለም። የምንሰበሰብበት የዙም ክፍያውም እንደዚያው። ነጻው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል። ዐይነ ስውር አባላችን በቶክባክ (ስልኩ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ በሚያነብለት ስክሪን ሪደር) እየተመራ ገብቶ፣ ማይኩን ከፍቶ፣ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጥርቅም! ከዚያ እንደገና ሊንክ ፍለጋ።

የሠራነውን ደግሞ እዩልን። ከሳቢያን ሰፈር በዊልቸር የምትመጣ አባላችን ነበረች፤ ባጃጁ ሁሉ «አልጭንም» እያለ ያልፋት ነበር። ዛሬ ከቤቷ ሆና የእድሩን ሒሳብ ትጠይቃለች። ገንዘብ ያዣችንን እንደ እሷ ያስላበው የለም። ሰነድ ፎቶ አንሥቶ መላክ ቀርቷል፣ ስክሪን ሪደሩ ብዙ ጊዜ «ምስል» ብሎ ያልፈዋላ። የሚናገር ሰው መጀመሪያ ስሙን ይናገራል፣ ስላይድ የሚያሳይም ያለውን በቃሉ ይገልጻል። ጥያቄ ሲጠየቅ ትርጉሙ መስማት ለተሳናቸው እስኪደርስ ጥቂት እንጠብቃለን፤ አለበለዚያ ሁልጊዜ የሚቀድመው አፈ ፈጣኑ ነው። ሰው እየተናገረ ቻት ላይ «አሜን»፣ «ማሻአላህ» መደርደርም ቆሟል። ስክሪን ሪደሩ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ሲያነበው ተናጋሪው አይሰማማ! (አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ይህን አሁንም አልተዉም።)

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለ ተደራሽነት የሚናገረው አንቀጽ 9 የመገናኛ ቴክኖሎጂንም ይጨምራል። እኛ ግን ሕግ ጠቅሰን ልንከሳችሁ አልመጣንም። በ1998ቱ ጎርፍ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ድሬ ሙስሊም ክርስቲያን ሳትል እንደተረዳዳች ታውቃላችሁ። ሰደቃ የነየታችሁ፣ ስለት ያለባችሁ፣ እባካችሁ እኛንም አስቡን።

የሚያስፈልገን ቆርቆሮና ማገር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአስተርጓሚዎቹ ክፍያ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕም እንቀበላለን። 50 ብርም ብር ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። ቁጥሩን ለሁሉም አባል በጽሑፍም በድምፅ መልእክትም ልከናል፤ ያልደረሰው ከጎረቤቱ አባል ይውሰድ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሒሳብ አስተላልፉ፣ ምክንያቱ ላይ «ጣሪያ» ወይም «አስተርጓሚ» ብላችሁ ጻፉ። ደረሰኙን አትጣሉት፤ ለጸሐፊው ላኩለትና መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። መዝገቡን ማንም አባል መጥቶ ማየት ይችላል።

በድጋሚ፦ በእድሩ ስም ብቻ። ኮሚቴ ነኝ ብሎ በግል ቁጥሩ የሚጠይቃችሁ ካለ አትላኩለት፣ ለእኛ ንገሩን።

የእድሩ ኮሚቴ