ልጆቹን «ይቅር በሉ» ለማለት ለምን እንቸኩላለን?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ተማሪዎች ታሪካዊ ቦታዎችን ሲጎበኙ ስለሚቀስሙት የይቅርታ ትምህርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። እኔም በቅርቡ የልጄ ክፍል ስድስት ኪሎንና መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲጎበኝ አብሬ ሄጄ ነበር። ልጆቹን ማውጣቱ እሰየው ነው። ቅር ያለኝ የጉብኝቱ ማሳረጊያ ነው።

የየካቲት 12 ሐውልት ሥር ነገሩ ደህና ተጀመረ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. ከተማዋ ላይ ለሦስት ቀን የወረደው መዓት ተተረከ። ከዚያ መምህሩ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ላይ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዋል። ልጆቹ በዚህ ተገረሙ፤ ቢገረሙም አይፈረድባቸውም። ግን በቀል መከልከል ሌላ፣ ይቅር ብሎ ፋይል መዝጋት ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ግራዚያኒን ጨምሮ የጣሊያን ባለሥልጣናት ለፍርድ እንዲቀርቡላት ጠይቃለች። አልተሳካላትም። ሰውዬው እዚህ ለሠራው ግፍ አንድም ቀን ችሎት ፊት አልቆመም። ጭራሽ በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት! ይህን ለልጆቹ የነገራቸው የለም።

ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም አለ። ልብስ አለ። ግድግዳውን የሞሉት ፎቶዎች የወጣቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከጎብኚዎቹ ተማሪዎች በዕድሜ እምብዛም የማይበልጡ። በዚያ ዘመን ልጁ የተገደለበት ወላጅ እንዳያለቅስ ይከለከል ነበር። የጥይቱን ዋጋ ክፈል የተባለም አለ። ልጆቹ ይህን ሰምተው ዝም እንዳሉ፣ መምህሩ «እንግዲህ ትምህርቱ ይቅር መባባል ነው» ብለው ወደ አውቶቡሱ ነዷቸው። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ እኛ ነን እንዴ ይቅር የምንለው?» አለች። መልስ አላገኘችም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር መሰለኝ።

የልጅቷ ጥያቄ ግን የአገር ጥያቄ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ሸምግለው፣ ሞት የተፈረደባቸው 23 የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረላቸው። ብዙዎቹ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተፈቱ። የሽማግሌዎቹን ድካም አላናንቅም። ይቅርታ የጠየቁትንም አልወቅስም፤ ዚምባብዌ የተቀመጠው አለቃቸው ያንን እንኳ አላደረገም። ሆኖም አንዳንድ የሟች ቤተሰቦች «እኛ ሳንጠየቅ ማን ይቅር አለ?» ብለዋል። ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል?

በገጠሩ ሽምግልና እኮ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ያጠፋውን በአደባባይ ያምናል። ካሳ ይቆረጥበታል። ተበዳዩም እንቢ ማለት ይችላል፤ ሽማግሌ የሚመላለሰው ለዚህ ነው። እኛ ግን ለተማሪዎቻችን ድንጋዩንም ካሳውንም ዘለን «ይቅር ለእግዚአብሔር» የምትለዋን ብቻ እንሰጣቸዋለን። በሰሞኑ ጦርነት ዘመዱን ያጣ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እሱ ከዚህ ምን ይሰማል? ዝም በል የተባለ ነው የሚመስለው።

ጉብኝት ለሚያዘጋጁ ትምህርት ቤቶች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ቦታ አታሯሩጧቸው፣ አንዱ ይበቃል። ሙዚየሙ ውስጥ ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ሰዎች አሉ። ልጆቹ እነሱ ፊት ተቀምጠው ይጠይቁ፤ «እርስዎ ይቅር ብለዋል?» ብለውም ቢሆን። መልሱ «አላልኩም» ከሆነ መምህሩ ለማስተካከል አይሞክሩ። በማግስቱ የሚታዘዘው «የይቅርታ ጥቅም» የሚል ድርሰትም ቢቀር ደስ ይለኛል። የልጄን አይቼዋለሁ፤ ግማሹ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ