ተኪየ ዶውላት የአልበርት ሆል ቅጂ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ቀደምት የዓለም ቴአትር ቤቶች የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። የኢራናውያን ሃይማኖታዊ ተውኔት ይታይበት የነበረው የቴህራኑ ቴአትር ቤት፣ ተኪየ ዶውላት፣ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ሲነሣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው «ሻሁ ለንደን ላይ ያዩትን ሮያል አልበርት ሆል አስመስለው ያሠሩት ነው» ማለታቸው፣ እኔም ቴአትር ባስተማርኩባቸው ዓመታት በተማሪዎቼ ፊት ደጋግሜ የተናገርኩት ስሕተት በመሆኑ፣ በዝምታ ማለፉ ከብዶኛል።

የኢራኑ ንጉሥ ናስረዲን ሻህ አውሮፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ተኪየ ዶውላት ግን ከጎሌስታን ቤተ መንግሥት አጠገብ መሠራት የጀመረው በ1860ዎቹ መጨረሻ ነበር። የለንደኑ የሙዚቃ አዳራሽ አልበርት ሆል ራሱ የተመረቀው በ1871 በመሆኑ፣ ሻሁ ቀድመው ያስጀመሩትን ሕንጻ ኋላ ካዩት ሊቀዱ አይችሉም። ወሬው የጸናው፣ እንደሚመስለኝ፣ ቴህራን የደረሱ አውሮፓውያን ያዩትን ሁሉ ከሚያውቁት ኦፔራ ቤት ጋር እያነጻጸሩ ስለጻፉ ነው።

የሕንጻውን ክብ ቅርጽ የወለደው በውስጡ የሚታየው ትርኢት ነው። በ680 የነቢዩ መሐመድ የልጅ ልጅ ኢማም ሑሰይን ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በከርበላ ሜዳ ውኃ ተከልክለው የተገደሉት በሙሐረም ወር በዐሥረኛው ቀን፣ በዓሹራ ነው። በአገራችን ይህ ቀን ይበልጥ የሚታወቀው በጾም፣ በሐረር ደግሞ ለጅብ በሚቀርበው ገንፎ ሲሆን፣ ለኢራን ሺዓዎች ግን የለቅሶ ቀን ነው። ያንን ሐዘን በተውኔት የሚያሳየው የሕዝብ ትርኢት ተዕዚያ ይባላል፤ ቃሉ በዐረብኛ ሐዘንተኛን ማጽናናት ማለት ነው። ተዕዚያ ቋሚ ቤት ከማግኘቱ በፊት በአደባባይና በነጋዴዎች ማረፊያ ግቢ ውስጥ ይታይ ነበር፤ ሕዝቡም ዙሪያውን ይቀመጣል። ተኪየ ዶውላት ያንን የሕዝብ ክበብ በጡብ አጸናው።

መድረኩ መጋረጃ የሌለው፣ መሐል ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ክብ ነበር፤ ፈረስና ግመል የሚያልፍበት መንገድም ይዞረዋል። ተዋናዩ መድረኩን አንድ ጊዜ ከዞረ ከከተማ ከተማ ተጉዟል ማለት ነው፤ በገበታ የቀረበ ውኃ የኤፍራጥስ ወንዝ፣ የተበተነ ጭድ ደግሞ የበረሃው አሸዋ ይሆናል። የኢማሙ ወገኖች አረንጓዴ ለብሰው በዜማ ይናገራሉ፤ ገዳዮቹ ቀይ ለብሰው ያለ ዜማ ይጮኻሉ። ሁሉም ቃላቸውን ከእጃቸው ከያዙት ወረቀት ያነባሉ፤ ይህም ባለማጥናት የመጣ አይደለም፤ «እኔ ታሪኩን እነግራለሁ እንጂ ባለታሪኩን አይደለሁም» የሚል ትሕትና አለበት። እጅግ የሚደንቀኝ ደግሞ ገዳዩን ሽምርን የሚጫወተው ሰው ራሱ ሊፈጽመው ባለው ግፍ እያለቀሰ መጫወቱ ነው። የእኛ አልቃሽ ለማታውቀው ሟች ሙሾ ስታወርድ እንባዋ የምር እንደሚሆነው ሁሉ፣ እዚያም ማስመሰልና ማዘን አይለያዩም።

በ1883 ወደ ቴህራን የተላኩት የመጀመሪያው የአሜሪካ ልዑክ ሳሙኤል ቤንጃሚን ትርኢቱን ገብተው አይተው ጽፈዋል። በግምታቸው የሕንጻው ወርድ 60 ሜትር ያህል ነበር። ሴቶች ከመድረኩ ሥር መሬት ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ በዙሪያው ያሉትን እልፍኞች መኳንንቱ በምንጣፍ፣ በመስተዋትና በፋኖስ ለማስጌጥ ይሽቀዳደሙ ነበር። ከላይ በትላልቅ አውታሮች ላይ የሸራ ጣሪያ ይዘረጋል።

ጸሐፊው ሕንጻው «በእርጅና ፈረሰ» ያሉትም ትክክል አይደለም። በ1925 ዘውዱን ከናስረዲን ሻህ ሥርወ መንግሥት፣ ከቃጃሮች፣ አውርዶ ለሬዛ ሻህ የሰጠው ጉባኤ የተሰበሰበው እዚያው ውስጥ ነው። በአዲሱ መንግሥት ዘመን ተዕዚያ እንደ ኋላ ቀር ነገር ታይቶ ሲከለከል ቤቱ ሥራ ፈታ፤ በ1940ዎቹ መገባደጃ ላይ ሆን ተብሎ ፈርሶ በቦታው ባንክ ተሠራ። ትርኢቱን ግን የገጠሩ ሕዝብ አልተወውም፤ ዩኔስኮም በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ተኪየ፣ ማለትም የተዕዚያ ማሳያ ቤት፣ ምን እንደሚመስል በዐይኑ ማየት ለሚሻ የከርማንሻሁ ተኪየ ሞዐወን አል ሙልክ የከርበላን ታሪክ ከሚተርኩ የግድግዳ ሸክላዎቹ ጋር ዛሬም ቆሟል፤ መጠኑ ግን ከቴህራኑ ጋር አይወዳደርም።

በመጨረሻም ከጽሑፉ ጋር «ፎቶግራፍ» ተብሎ የወጣው ምስል ከማል አል ሙልክ በ1892 ገደማ የሣሉት የቀለም ሥዕል ነው። በሚቀጥለው እትም የግርጌ መግለጫው ከሠዓሊው ስም ጋር ታርሞ እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የቴአትር መምህር፤ ከአዲስ አበባ