ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳትናገሪ አትውጪ

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ?

በቴሌግራም ስጽፍልሽ "እሺ እማ" ብለሽ ታልፊዋለሽ። ለዚህ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያቺ አብራሽ የምትሠራው ልጅ ደውላ ነገረችኝ። አትቆጫት፤ እኔ ነኝ ወጥሬ የያዝኳት። ከሰዓት በኋላ ብቻሽን መረጃ ልትሰበስቢ ወጥተሽ፣ ወዴት ቀበሌ እንደሄድሽ አንድም ሰው ሳያውቅ፣ ስልክሽ ዝግ ሆኖ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው የገባሽው አለችኝ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ በጣም ተናድጄብሻለሁ። ሳትናገሪ አትውጪ ብዬሽ አልነበረም? አውቶቡስ ስትሳፈሪ ምን አልኩሽ?

የይርጋጨፌ ሰው ደግ ነው ብለሽኛል፤ አምንሻለሁ። እኔ ሰዉን ፈርቼ አይደለም። እግርሽ ወለም ቢል፣ የተሳፈርሽበት ሞተር ቢገለበጥ በየት በኩል እንፈልግሽ? እንሰቱና ቡናው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከመንገድ ትንሽ ገባ ያለ ሰው አይታይም ያልሽኝ አንቺው ነሽ። በፎቶም አሳይተሽኛል።

"ልጅ አይደለሁም" ልትይኝ ነው። አይደለሽም። አጎትሽም፣ ወንድሜ፣ ልጅ አልነበረም። ሚስት ያገባ፣ በሬ የጠመደ ሰው ነበር።

የሱን ነገር ታውቂዋለሽ። ፎቶውን እያየሽ ነው ያደግሽው። ግን እንዴት እንደጠፋ ከመጀመሪያው ነግሬሽ አላውቅም። በኛ ቤት ይሄ ወሬ ሲነሳ ሁሌም አንዱ ተነስቶ ይወጣል።

1979 ዓ.ም ነው፣ ነሐሴ ላይ፣ ሰሜን ሸዋ መርሐቤቴ። ማለዳ ተነሳ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። የት እንደሚሄድ አልተናገረም። ጠባዩ ነው፤ "ወዴት ነው?" ሲሉት ይከፋዋል። አንቺ በሱ ነው የወጣሽው፣ በመልክም በዚህም። ሚስቱ እናቱ ቤት ያደረ መሰላት። እናቴ ደግሞ ቤቱ ያለ መሰላት። አባቴ ዓለም ከተማ ገበያ ሄዶ ዘመድ ጋ አድሯል ብሎ ገመተ። ሁሉም ሌላው ጋ ነው እያለ ቀናት አለፉ። መጥፋቱ የታወቀው ሚስቱ እህል ልትበደር እኛ ቤት መጥታ "የት አለ?" ስትል ነው። እናቴ "አንቺ ጋ አይደለም እንዴ?" አለቻት። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ነበር። የሁለቱንም ፊት አየሁት።

የዚያን ቀን ጥሩንባ ተነፋ፣ ወንዱ ሁሉ ወጣ። ግን ወዴት ይሂድ? አንድ እረኛ ወደ ጀማ ወንዝ ሲወርድ አይቼዋለሁ አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ በሚዳ መንገድ ነው የሄደው አለች። አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ፈለገ። ነሐሴ ላይ ጀማ ሞልቶ ነው የሚወርደው፤ የሚገባው ደግሞ ዓባይ ነው። ወንዝ ወስዶት ከሆነ በነዚያ ባለፉት ቀናት ምን ያህል ርቆ እንደሄደ አስቢው። ምን ለብሶ ነበር ተብለን ስንጠየቅም የሚመልስ አልተገኘም። ሲወጣ ልብ ብሎ ያየው የለማ!

ሽማግሌዎቹ እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ ተቀመጡ። በሌላ ቦታ አፈርሳታ ይሉታል፤ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ አንድ በአንድ እየማለ ያየውን የሰማውን ይናገራል። ስንት ሌባ በዚህ ወጥቷል። በአጎትሽ ግን አላየሁም፣ አልሰማሁም ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። በድንበር የተጣላው አንድ ጎረቤት ነበር። ማንም በአፉ አላለውም፤ ግን ሰው ሁሉ እሱን ማየት ጀመረ። ሰላምታ ቀነሱበት። ደቦ ቀሩበት። አንዲት ማስረጃ አልተገኘችም፣ ሰውየው ግን እስኪሞት ድረስ እንደ ገዳይ እየታየ ኖረ። ልጆቹ ከኛ ጋር አንድ ውሃ እየቀዱ ሳይነጋገሩን አደጉ። ንጹሕ ቢሆንስ? ማን ይመልስለታል? አጎትሽ ሲወጣ "ጀማን ተሻግሬ ለሚ ልሄድ ነው" ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ቢሞት እንኳ ያ ሰውዬ በሰላም ይኖር ነበር።

ሌሎቹ ታፍሶ ነው አሉ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም ከታወጀ ወዲህ ጎረምሳ ከገበያ ይታፈስ ነበርና የማይመስል ነገር አልነበረም። አያትሽ ይሄኛውን ያዘች፤ ልጇ በሕይወት ያለበት ወሬ እሱ ብቻ ነዋ። ግንቦት 1983 ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ያ ሁሉ ወታደር በባዶ እግሩ ወደ አገሩ ሲተም፣ ውሃና ቆሎ ይዛ መንገድ ዳር ትወጣ ነበር። እያጠጣች ስሙን ትጠይቃለች። አንዱ "መሰለኝ፣ አስመራ አይቼዋለሁ" አላት። ተርቦ ይሁን አይቶት ይሁን እግዜር ይወቅ። በዚያች "መሰለኝ" ብዙ ዓመት ኖረችባት።

እኔ አዲስ አበባ የመጣሁት ከዚያ ወዲህ ነው። አክስቴ ቤት፣ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ። አፋልጉኝ አስጽፈን በየመብራት ምሰሶው ለጠፍን፤ "ያለበትን ለጠቆመን ወሮታውን እንከፍላለን" የሚለውን። ቀይ መስቀልም ሄጃለሁ፤ በጦርነት የተለያየ ቤተሰብ ያፈላልጋሉ ተብዬ። ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቦታ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ ሲሉኝ፣ መጨረሻ የታየበት ላይ ስደርስ ጀማ ልበል ሚዳ ልበል ጠፋኝ።

ሚስቱ ምን በደለች? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋን ሰው ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስን ማመልከት ይቻላል ይላል። ውሳኔው ከጸና ጋብቻው ይፈርሳል፣ ውርሱም ይከፈታል። ዘመዶቿ ይሄን ሲያነሱ አያትሽ "ልጄን በወረቀት አልቀብርም" አለች። ልጅቷ በይሉኝታ ስንት ዓመት ተቀመጠች። ፍታት የለ፣ ተዝካር የለ፣ ሐዘን የተቀመጠ የለ። አያትሽ ለጻድቃኔ ማርያም እንደተሳለች ነው ያረፈችው። ነፍሷን ይማረው።

በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ካሳና ስለ ኮንዶሚኒየም ሲያወራ፣ እኔ ሄጄ አጥሩ ጋ ቆሜ የማለቅሰው ለምን እንደሆነ አልገባሽም ነበር። አፋልጉኙ ላይ ያለው አድራሻ ያ ነዋ። አዲስ አበባ ቢመጣ የሚያውቀው ቤት እሱ ብቻ ነው። እንደማይመጣ አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ግን አለቀስኩ።

በ2012 የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታግተው ሲጠፉም ዜናው እንዳያመልጠኝ ሌሊት እነቃ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ተለቀቁ ተባለ፤ ወላጆቻቸው ግን የልጆቻችንን ድምፅ አልሰማንም አሉ። "ለማታውቂያቸው ሰዎች ለምን እንዲህ ትሆኛለሽ?" አልሽኝ። እናቶቹን አውቃቸዋለሁ። በየቢሮው ደጅ ፎቶ ይዘው ሲቆሙ የኔን እናት ነው ያየሁት። እርግጥ ነው፣ ክፉ ሰው ከመጣ ለሰው ተናግሮ መውጣት አያድንም። እንዲህ ያለውን ለእግዚአብሔር ነው የምሰጠው። በእጅሽ ያለውን ግን አድርጊልኝ።

ስለዚህ ስሚኝ። ሳትናገሪ አትውጪ። ለኔ ብቻ አይደለም፣ እኔ አራት ኪሎ ተቀምጬ ምን አደርግልሻለሁ? ለቤት አከራይሽ፣ ለጓደኛሽ፣ ለግቢው ዘበኛ ተናገሪ፤ የትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው መንገድ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሺ። የሞተረኛውን ስምና ታርጋ ጽፈሽ ላኪ። ኢንተርኔት ከሌለ በተራ መልእክት ላኪው፤ ዳታ አይፈልግም። ኔትወርክ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ የሚገባበት ቦታ እንደደረስሽ መሄዷን አረጋግጪ፣ ካልሄደች ደግመሽ ላኪያት። ሐሳብሽን ቀይረሽ ሌላ ጋ ከሄድሽም ተናገሪ። ለጓደኛሽም ንገሪያት፤ ባልሽው ሰዓት ካልገባሽ ቀበሌው ሊቀመንበር ጋ ወዲያው ትሂድ። እስከ ነገ እንጠብቅ፣ 24 ሰዓት ይሙላው የሚል ሰው አይስሙ። እኛ በመጠበቅ ነው ያጣነው።

የኔንና የአባትሽን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ። ስልክ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ነው የሚጠፋው።

ተቆጣሁብሽ አይደል? ሥራሽን እወደዋለሁ። የምታነጋግሪያቸው እናቶች ቡና አፍልተው እንደሚያስቀምጡሽ ስትነግሪኝ ደስታዬን አልችለውም። ከዚያ ነይ አላልኩሽም፣ አልልሽምም። እንደልብሽ ዙሪ። ግን ሳትናገሪ አትውጪ፣ እናቴ።

ሽሮና በርበሬ ከነዳቦ ቆሎው ዓርብ በአውቶቡስ እልክልሻለሁ። ፓወር ባንክም አለበት፤ ሻጩ ሁለቴ ስልክ ይሞላል ብሎኛል። በርበሬው ዘንድሮ ይፋጃል፣ ቀነስ አድርጊ። ረዳቱ ሲደውልልሽ ስልክሽ ዝግ እንዳይሆን።

ይሄን እንደጨረስሽ ደውይልኝ፤ ነገ ወዴት እንደምትወጪም ንገሪኝ።

እናትሽ