«ፎርማት ይደረግ» ሲሉሽ አትቸኩዪ

ሐዋሳ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ የአዳማው ሙቀት እንዴት አድርጎሽ ይሆን እያለች ነው።

ስለ ኮምፒውተሩ የጻፍሽልኝን አንብቤዋለሁ። ዊንዶውስ 11 ልትጭኚ ስትሞክሪ «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» አለሽ፤ ሱቅ ስትወስጂው ደግሞ «ፎርማት ይደረግና እንጭንልሻለን» አሉሽ። እሺ እንዳትዪ። ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠርጎ ከባዶ መጀመር ነው። ለሠሪው ከሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነው፤ ላንቺ ግን የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን፣ ፕሪንተሩን፣ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ለመመለስ ሳምንት ያስለፋሻል።

የላክሽልኝን የፕሮሰሰር ቁጥር አየሁት፤ ኮር አይ5-8500። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ትውልዱን ይናገራል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ይጀምራሉ። ራምሽ 8 ጊጋ ነው፤ የሚጠየቀው 4 ነው። ማሽኑ ብቁ ነው ማለት ነው። እኔ የምጠረጥረው ከዓመታት በፊት ዊንዶውስ 10ን የጫነልሽ ሰው ሌጋሲ በሚባለው በአሮጌው መንገድ እንደጫነው ነው።

ለማረጋገጥ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጭነሽ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ «ኤምኤስኢንፎ32» (msinfo32) ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ። ከሚወጣው ዝርዝር «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር ፈልጊ። «ሌጋሲ» ካለ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። «ሴኪዩር ቡት ስቴት» (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው ጥበቃ ሁኔታ) የሚለው ደግሞ «አንሰፖርትድ» ይልሻል፤ አትደንግጪ፣ ማሽኑ አይችልም ማለት አይደለም፣ በሌጋሲ ለተነሣ ኮምፒውተር ሴኪዩር ቡት ስለማይሠራ ነው። የሚጠየቀው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍልም እንዲሁ ነው፤ በኢንቴል ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፒቲቲ በሚል ስም ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የማሽኑ መቆጣጠሪያ ውስጥ፣ ተዘግቶ ይገኛል። የሚገዛ ዕቃ የለም።

የሚገዛ ካለ ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ነው፤ እሱን ግን ሳትገዢ ሥራውን አትጀምሪ። ዊንዶውስ 11 በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይም ይጫናል፤ ነገር ግን በተነሣ ቁጥር ዲስኩ መቶ በመቶ እየተያዘ አይጡን ስታንቀሳቅሺ እንኳ ይጎተትብሻል። ከዚያ ሰው ሁሉ «አዲሱ ዊንዶውስ ከባድ ነው» ይላል። ያንቺ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋ ስለሆነ ባለ 480ውን አትግዢ፤ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ስትቀጂ፣ አዲሱ ከአሮጌው ካነሰ ክሎንዚላ የሚባለው ነጻ የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም በቀላሉ አይቀበልሽም። 500 ወይም 512 የሚል ግዢ። ሳታ ገመድ ከሌለሽ ለጊዜው የዲቪዲ ማጫወቻውን ገመድ ነቅለሽ ተጠቀሚበት፣ ማንም አይፈልገውም። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል 200 ጊጋ ገደማ ከሆነ ቅጂው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መካከል ላይ የንባብ ስሕተት ብሎ ከቆመ አሮጌው ዲስክ እየሞተ ነው፤ ያኔ ዊንዶውሱን ተይና ፋይሎችሽን ብቻ አውጪ።

ቅጂው ሲያልቅ አሮጌውን ዲስክ ንቀዪና ቀኑን ጽፈሽበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው። ከዚህ በኋላ የፈለገው ነገር ቢበላሽ እሱን መልሰሽ ስትሰኪ፣ ባዮሱን ለውጠሽ ከሆነም ወደ ሌጋሲ ስትመልሺው፣ ኮምፒውተሩ እንደነበረው ይነሣል። ከዚህ የተሻለ መተማመኛ የለም። ያም ሆኖ የፒችትሪውን ባክአፕ ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ አውጥተሽ በፍላሽ ያዢ፤ ፎልደሩን መገልበጥ ብቻ አይበቃም።

ክዳኑን ከከፈትሽ አይቀር ሁለት ነገር እዪ። አንዱ አቧራው ነው። የአዳማ ነፋስ ምን እንደሚያስገባ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ዊንዶውስ ሲጫን ፕሮሰሰሩ ለረጅም ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ማቀዝቀዣው በአቧራ ከታፈነ ሞቆ መካከል ላይ ድርግም ይላል፣ ሰውም «ሲስተሙ ነው» ይላል። ገመዱን ከግድግዳ ንቀዪ፣ ፋኑን በጣትሽ ይዘሽ እንዳይሽከረከር አድርጊና በብሩሽ ጥረጊው። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ ባትሪ ናት፤ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩን በከፈትሽ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ሞታለች። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች አይከፈቱም፣ ዝማኔም አይወርድም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሊመለስ መቻሉ ነው፤ ያኔ ቀጥዬ የምነግርሽ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አሁን ዋናው ነገር። በሌጋሲ የተጫነ ዲስክ ኤምቢአር በሚባል አከፋፈል የተከፈለ ነው፤ ሌጋሲን የተካው አዲሱ መንገድ ዩኢኤፍአይ ደግሞ ዊንዶውስን ለማስነሣት ጂፒቲ የሚባለውን አከፋፈል ይፈልጋል። ብዙዎች ለዚህ ሲሉ ነው ፎርማት የሚያደርጉት። ዊንዶውስ 10 ግን «ኤምቢአር2ጂፒቲ» የሚባል የራሱ መሣሪያ አለው፤ ፋይል ሳይነካ ይቀይረዋል። ኮማንድ ፕሮምፕትን እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈቺና መጀመሪያ በ«ቫሊዴት» (mbr2gpt /validate /allowFullOS) አስመርምሪው፤ ካለፈ በ«ኮንቨርት» (mbr2gpt /convert /allowFullOS) አስቀይሪው። በሁለቱም ላይ «አላውፉልኦኤስ» የሚለውን ካልጨመርሽ ዊንዶውስ ተከፍቶ እያለ አልሠራም ይልሻል።

ምርመራው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ በኛ አገር ዲስክ ላይ ደግሞ ደጋግሞ የሚወድቅበት ምክንያት የታወቀ ነው። ጫኞቻችን ዲስክን ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያሉ መሸንሸን ይወዳሉ። መሣሪያው ከሦስት በላይ ዋና ክፍልፋይ ካገኘ፣ ወይም ሌሎች ክፍሎችን በውስጡ የሚይዘውን ኤክስቴንድድ የሚባለውን ዓይነት ካየ እንቢ ይላል። መፍትሔው ኢ ላይ ያለውን ወደ ዲ ወይም ወደ ውጪ ዲስክ ማዛወር፣ ከዚያ በዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ያንን ክፍል፣ በኤክስቴንድድ ውስጥ ከነበረም ኤክስቴንድዱን ራሱን ጭምር፣ አጥፍቶ እንደገና ማስመርመር ነው። ፊደሎቹን አትመኚ፤ ከማጥፋትሽ በፊት መጠኑንና ውስጡን እዪ።

ከተቀየረ በኋላ ሪስታርት አድርገሽ ወደ ባዮስ ግቢ፤ እንደ ማሽኑ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ነው። ሌጋሲን (አንዳንዱ ማሽን ሲኤስኤም ይለዋል) አጥፊ፣ ዩኢኤፍአይን ምረጪ፣ ፒቲቲን ክፈቺ፣ ሴኪዩር ቡትን አብሪ፣ ሴቭ አድርገሽ ውጪ። የሳታውን ምርጫ ግን እንዳትነኪ፤ ኤኤችሲአይ የነበረው ሬይድ ወይም ሬይድ የነበረው ኤኤችሲአይ ከሆነ ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ አይነሣም። ቅደም ተከተሉንም ጠብቂ። ዲስኩን ወደ ጂፒቲ ሳትቀይሪ ባዮሱን ከለወጥሽ «የሚነሣ ዲስክ የለም» ይልሻል። የጠፋ ነገር የለም፤ ባዮሱን ወደ ሌጋሲ መልሺና ከመቀየሩ ጀምሪ። ስክሪኑ ጨልሞ ከቀረና በጣም ያረጀ የግራፊክስ ካርድ ተሰክቶ ከሆነ ካርዱ ዩኢኤፍአይን አያውቅም፤ አውጪውና የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰኪው።

ባዮስ ውስጥ ሳለሽ «አዲስ የባዮስ ስሪት አለ» የሚል ብታዪ መብራት እንዲህ በሚጠፋበት ሰሞን አትሞክሪው። ዊንዶውስ ሲጫን መብራት ቢጠፋ ብዙ ጊዜ ራሱን ወደ ቀድሞው ይመልሳል፤ ባዮስ ሲጻፍ ቢጠፋ ግን ማዘርቦርዱን ልታጪ ትችያለሽ።

ወደ መጫኑ ስንመጣ፣ የዊንዶውስ 11 መጫኛ የሆነውን አይኤስኦ ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርጂ። ከ5 ጊጋ በላይ ነውና ፓኬጅሽን አስበሽ፣ ቢቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ተጠቀሚ። ቋንቋውን አሁን ካለው ዊንዶውስ ጋር አንድ አድርጊው። «ኢንግሊሽ ዩናይትድ ስቴትስ» የተጫነበት ማሽን ላይ «ኢንግሊሽ ኢንተርናሽናል» ብታወርጂ ፕሮግራሞችሽን ይዞ የመሻገሩ ምርጫ ይዘጋብሻል። ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርገሽ ክፈቺው፣ ከዚያ «ሴትአፕ»ን አስነሺ። ልብ በዪ፤ ይህን ሁሉ የምታደርጊው ዊንዶውስ 10 ውስጥ ሆነሽ ነው። ከፍላሽ አስነሥተሽ ከጀመርሽ ፕሮግራሞችሽን አያሻግርም። ሱቁ ውስጥ «አይቻልም» የሚሉሽ ሁልጊዜ ከፍላሽ ስለሚነሡ ነው። ዝማኔ ላውርድ ሲልሽ «ኖት ራይት ናው» በዪው፤ ፓኬጅ ይቆጥባል። «ኪፕ ፐርሰናል ፋይልስ ኤንድ አፕስ» የሚለው መመረጡን ሳታዪ ኢንስቶልን አትጫኚ።

ከመጀመርሽ በፊት ከኪቦርድ፣ ከአይጥና ከስክሪን በቀር የተሰካውን ሁሉ ንቀዪ፤ ከውጪ የመጣ አንቲቫይረስ ካለም አጥፊው። ሲ ላይ ቢያንስ 30 ጊጋ ባዶ ቦታ ይኑርሽ። በ0ኤክስ80070070 ቢወድቅ የቦታ ማነስ ነው። በ0ኤክስሲ1900101 ቢወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የድራይቨር ጣጣ ነው፤ ያልነቀልሽውን ዕቃ አስታውሺ። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቆም የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እስካለ ድረስ አትንኪው። ዩፒኤስሽ ባለ 650 ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዝልሽ፤ ለብልጭታ እንጂ ለሙሉ ጭነት አይበቃም። በሠፈራችሁ መብራት የሚጸናበትን ሰዓት ምረጪ።

ሲያልቅ መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተሽ አክቲቬሽኑን እዪ። ዊንዶውስ 10ሽ ሕጋዊ ከነበረ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚታወቅ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይበራል፤ ዲስክ መቀየርሽ አያስቀረውም። ካልበራና አንዱ «አክቲቬተር ልስጥሽ፣ መጀመሪያ ግን አንቲቫይረሱን አጥፊ» ቢልሽ፣ አጥፊ ያለሽ ለምን እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ።

የአማርኛ ሰነዶችሽን ክፈቺ። በኒያላ የተጻፉት መልካቸው ከተቀየረና ገጻቸው ከተዛባ ፎንቱ የለም ማለት ነው፤ ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በአማራጭነት የሚጨመር ሆኗል። ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብተሽ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሪ። ፊደሉ ጭራሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ከመጣ ግን ጽሑፉ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ ያ ፎንት ራሱ ካልተመለሰ አይነበብም። አሮጌው ዲስክ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው አይደል፣ የፎንት ፎልደሩን ከዚያ ታገኚዋለሽ። የቆየ ፕሮግራም «ዶት ኔት 3.5» ከጠየቀሽ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ውስጥ ምልክት አድርጊበት። ዋይፋዩንም «ሚተርድ ኮኔክሽን» አድርጊው፤ አለዚያ ፓኬጁን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

ዊንዶውስ 10 ነጻ የደኅንነት ዝማኔ ማግኘቱን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። አሁን ጊዜ ካጣሽ ማይክሮሶፍት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ ዝማኔ አዘጋጅቷል፤ 22ኤች2 ስሪት ላይ ከሆንሽ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ ሴቲንግሽን ካስቀመጥሽ ያለ ክፍያ መመዝገብ ትችያለሽ። ከዓርብ እስከ እሑድ ነጻ የምትሆኚበትን ሳምንት ጠብቀሽ ብትጀምሪ ይሻላል።

አዲሱን ካልወደድሽው በ10 ቀን ውስጥ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» የሚል አለ። በነዚያ ቀናት ዲስክ ክሊንአፕ አታስኪጂ፤ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» የሚለው ላይ ምልክት ካደረግሽ መመለሻው ይጠፋል። ፒችትሪው ተከፍቶ የመጨረሻውን ደረሰኝ ካላተምሽበት አሮጌውን ዲስክም ለማንም አትስጪ፤ ወንድምሽ ለፊልም ማስቀመጫ ብሎ እንደሚጠይቅሽ ይታወቃል።

አባትሽ