የሺዬ፣ ጠበቃ ፈልጊልኝ

የሺዬ፣

ደውዬ «እንዴት ነሽ» ማለቱ አሳፈረኝ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። አንቺም ጠፍተሻል። ይቅር ተባብለን እንለፈው። «ጉዳይ ሲኖርሽ ነው የምታስታውሺኝ» እንደምትዪም አውቃለሁ። አዎ፣ ጉዳይ አለኝ።

እማዬ ኑዛዜ ልታደርግ ነው። አትደንግጪ፣ ደህና ናት። የደከመው ዓይኗና ጉልበቷ ነው። ምላሷ እንደምታውቂው ነው። ብቻ «የሽምብጡን ቤት ነገር መልክ ሳላስይዝ አልሞትም» ብላ ተነስታለች።

መጀመሪያ አንድ ጠበቃ ጋ ወሰድኳት። ሰውዬው እሷን ትቶ ከእኔ ጋር ያወራል። «እናትሽ ቤቱን ለማን ነው የሚያወርሱት?» ይለኛል፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ! እሷን ሲያናግር ደግሞ ይጮሃል። «ልጄ፣ የደከመው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም» አለችው። አንድ ገጽ ወረቀት አውጥቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ምስክር እኛ እናመጣለን» ሲላት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ባጃጅ ውስጥ እስክንገባ አልተነፈሰችም።

ከዚያ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል ሲሉኝ እዚያ ሄድን። ያስተናገደችን ልጅ ፊቷን ወደ እማዬ አዙራ «እማማ፣ ካርታው በማን ስም ነው?» አለቻት። በአባዬ ስም ነው። «ቤቱን የሠራችሁት ከተጋባችሁ በኋላ ነው?» አዎ። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ መጣ። ግማሹ የእማዬ ነው። የአባዬ ግማሽ ግን ኑዛዜ ስላልተወ የልጆቹ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል ሳይናዘዝ ከሞተ ሚስት ወራሹ አይደለችም። እሷ መናዘዝ የምትችለው በራሷ ድርሻ ብቻ ነው። «ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ!» ስትል ብታያት። ያ ሰውዬ እኮ ሙሉውን ቤት ሊያናዝዛት ነበር።

ሌላም ነገር ነገረችን። ሌላ ሰው የሚጽፈው ኑዛዜ እሷና 4 ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ይፈርሳል። ዓይኗ ላልታመናት ሴት ይህ ንባብ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ሰውዬው ግን «ይፈርሙ» ብቻ።

ወንድሜ ደግሞ (ስሙን አልጠራም፣ አትሳቂ) «ኑዛዜ ምን ያደርጋል፣ በስጦታ ታዙርልን» ይላል። ኑዛዜን እኮ ሐሳቧን ስትለውጥ መሻር ትችላለች። ስጦታ ግን አንዴ ከሰጠች እንደ ኑዛዜ በፈለገች ቀን የምትቀደው አይደለም። ይህን ስነግረው «አንቺ ደግሞ መቼ ሕግ ተማርሽ» አለኝ።

እዚያው እንዳንቀጥል፣ አገልግሎቱ መክፈል ለማይችል ነው። እማዬም «የኪራይ ገንዘብ እየበላሁ የድሃ ወረፋ አልይዝም» ብላለች። ስለዚህ አንቺ ትዝ አልሽኝ። መዝገብ ቤት ሆነሽ ስንቱን ጠበቃ አይተሻል። ማን መዝገቡን አንብቦ እንደሚመጣ፣ ማን ቀጠሮ በማስለወጥ እንደሚኖር ታውቂያለሽ። ፈቃድ እንዳለው ፍትሕ ቢሮ ሄጄ መጠየቅ አያቅተኝም። ትዕግሥቱን ግን ፍትሕ ቢሮ አይነግረኝም። የውርስ ጉዳይ የለመደ፣ እሷን የሚሰማ፣ እኔን «ውጭ ጠብቂ» የሚል ይሁን።

እዚህ ላይ ብዕሬ ትንሽ ያዝ አደረገኝ። ልጅቷ «ለብቻችን እናውራ» ብላ አስወጥታኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ምን ሳስብ እንደነበር ልንገርሽ? ለእኔ ባትተውልኝስ እያልኩ። ሌሊት የምነሳላት እኔ፣ መድኃኒቷን የምቆጥር እኔ። በሩ ላይ ጆሮዬን ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም። እማዬ ስትወጣ «ምን አልሻት?» ብዬ ጠየቅኳት። «ምን አገባሽ!» አለችኝ። እስከ ማታ ኩርፊያ። ታዲያ ያ የመጀመሪያው ሰውዬ «ለማን ነው የሚያወርሱት?» ብሎ እኔን ሲጠይቀኝ እኮ... ተዪው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለሌላ ሰው ይህን አልናገርም።

በይ እንግዲህ፣ ስልኩን በቴሌግራም ላኪልኝ። ሴት ብትሆን ለእማዬ ይቀላታል። ቢሮው ፎቅ ላይ ከሆነ ግን ቤት ድረስ የሚመጣ ሰው ፈልጊ፤ ቡና እናፈላለታለን፣ የዘጌ። ለወንድሜ ደግሞ እንዳትነግሪው። እንደምታወሩ አውቃለሁ።