ድረ ገጽህን አነበብኩት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስደውልልህ ሁሌ ወደ ስብሰባ እየገባህ ነው። ስለዚህ የምለውን ሁሉ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ተረጋግተህ አንብበው።

የላክልኝን ድረ ገጽ ከላይ እስከ ታች አየሁት። በመጀመሪያ ሐሳብህን እንደምወደው እወቅልኝ። የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞችን ሺፍት የሚያስተካክል አፕ በደንብ ከተሠራ ለእኔና ለጓደኞቼ ትልቅ እፎይታ ነው። ገጹ ግን ይህን አይናገርም። በትልቁ "የእንክብካቤን ነገ እንደ አዲስ እንፈጥራለን" ይላል። ከሥሩ በግራጫ ቀለም "ሠራተኞችን፣ ቤተሰቦችንና ማኅበረሰቦችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስተሳስር ሁሉን አቀፍ መድረክ" የሚል ተጽፏል። አባቴ፣ እኔ እዚህ ኦክላንድ ሽማግሌና አሮጊት እያጠብኩ፣ እያበላሁ፣ እያነሳሁ የምኖር ሰው ነኝ። አፑ የተሠራው ለእኔ ነው። ደጋግሜ አንብቤው ግን ምን እንደሚሠራልኝ ላገኝ አልቻልኩም።

ከዚያ የሌሎቹንም ስታርትአፖች (እንዳንተው አዲስ ጀማሪ ኩባንያዎች) ገጽ መክፈት ጀመርኩ። አንዱ የውሻ ምግብ ይሸጣል። አንዱ የሥራ ውል ያዘጋጃል። አንዱ ለመጋዘን ዕቃ ቆጠራ ነው። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ሁሉም አንድ ልብስ ሰፊ ጋር እንደተሰፋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ናቸው! ከላይ ዓለምን የሚለውጥ አንድ ትልቅ ዓረፍተ ነገር። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች፣ "አሁኑኑ ይጀምሩ" እና "ማሳያ ይጠይቁ"። ቀጥሎ "የሚያምኑን ድርጅቶች" ተብሎ የተደረደሩ የደበዘዙ ሎጎዎች። ከዚያ ሦስት ሣጥን፦ ፈጣን፣ ቀላል፣ አስተማማኝ። ከዚያ የምትስቅ ሴት ፎቶና ምስጋናዋ። ከዚያ ሦስት ዋጋ፣ የመሃሉ ላይ "ብዙዎች የመረጡት" የሚል ምልክት ያለበት፣ የመጨረሻው ደግሞ ዋጋው ያልተጻፈና "ያነጋግሩን" የሚል። መጨረሻ ላይ "በሳን ፍራንሲስኮ በፍቅር የተሠራ"። የውሻ ምግቡን ስም አጥፍተህ ያንተን ብታስገባበት ማንም አያውቅም።

ምክንያቱን ላውቅ ፈልጌ አነበብኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) በ2011 ማርክ ኦቶና ጄኮብ ቶርንተን የሚባሉ ሁለት የትዊተር ሠራተኞች ቡትስትራፕ የሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ መሣሪያ ሠርተው ለዓለም በነፃ ለቀቁት። ለማሳያ ከሰጧቸው ገጾች አንዱ ከላይ ትልቅ ሣጥን፣ ከሥሩ ሦስት ዓምድ ያለው ነበር። ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። በእነሱ አልፈርድም፤ ገጽ መሥራት የማይችለው ሁሉ እንዲችል አደረጉ፣ ይመስገኑ። ግን ሰዉ ሣጥኖቹን ወስዶ ባዶ ቦታውን በምን እንደሚሞላ ማሰብ ተወ።

ሥዕሎቹም እንደዚያው ናቸው። ቆዳቸው ሐምራዊ፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ እጅና እግራቸው የተንዘላዘለ ሰዎች። ፌስቡክ በ2017 አካባቢ ባክ ከሚባል ስቱዲዮ ጋር አሌግሪያ የተባለውን ይህን ዘይቤ ካመጣ በኋላ ሁሉም ተከተለው። አንተም የእንክብካቤ ሠራተኛዋን እንደዚያ አድርገህ አስሥለሃታል። ሰማያዊ ፊት አላት፣ አሮጊቷን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው ስልክ ትነካካለች። ልጄ፣ አሮጊት በአንድ እጅ አይያዝም። ይወድቃሉ። እንዲህ ያለውን ሥዕል አንድ ሠራተኛ ብታየው ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዳልነካው ወዲያው ይገባታል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። "ይህ አፕ ሕይወቴን ለወጠው" ያለችው ሴትዮ ማን ናት ብዬ ስጠይቅህ፣ "እማ፣ ለጊዜው የተቀመጠች ናት፣ እውነተኛ ደንበኛ ስናገኝ እንቀይራታለን" አልከኝ። ሎጎዎቹንም ስጠይቅህ፣ ከድርጅቶቹ አንድ አንድ ሰው አፑን ሞክሮት እንደነበር ነገርከኝ። የኔ ጌታ፣ ይህን ዛሬውኑ አንሳው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። በሌለ ሰው ስም ምስጋና መጻፍ ያስቀጣል። ደንቡ ባይኖርም እንኳ አንሳው እልህ ነበር። ይህን ገጽ የሚያነበው ሰው የሚፈልገው እናቱን አምኖ የሚሰጠው ሰው ነው።

"ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጀምረው፣ ኢንቨስተሮች እንዲህ ያለ አነጋገር ይወዳሉ" ብለኸኛል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ገጹ የተጻፈው ለኢንቨስተር ነው። ለእኔም፣ ለሱፐርቫይዘሬም፣ ለአሮጊቷ ልጅም አልተጻፈም።

የቴራኖስን ነገር አስታውስ። የእናንተው ሰፈር ነው፣ ፓሎ አልቶ። ኤልሳቤጥ ሆምስ በ2003፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ የስታንፎርድ ተማሪ ሳለች መሠረተችው። ከጣት በተወሰደ ጥቂት ጠብታ ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ እንሠራለን አሉ። ገጻቸው ያምር ነበር፤ ንግግሯም ያምር ነበር። ኩባንያው እስከ 9 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በ2015 የዎል ስትሪት ጆርናሉ ጆን ካሪሩ ማሽኑ እንደተባለለት እንዳልሆነ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ራሱ ኤዲሰን በሚለው ማሽኑ የሠራውን የሁለት ዓመት ውጤት ሰረዘ። በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ መድኃኒቱን የቀየረ ሰው ይኖራል እኮ! እኔ ደም ለመስጠት የማደርሳቸው ሰዎች አሉ። ውጤቱ እስኪመጣ እንዴት እንደሚጨነቁ አያለሁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ፍርዱ ነው። በጃንዋሪ 2022 ሳን ሆዜ የተቀመጠው የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) በአራት ክስ ጥፋተኛ አላት። አራቱም ኢንቨስተሮችን ማታለል ናቸው። ታካሚዎችን አታለለች ከተባለባት ክስ ነፃ ወጣች። ከ11 ዓመት በላይ ተፈረደባት፣ ግን ስለ ሀብታሞቹ ገንዘብ ነው። ሕጉ ማስረጃውን መዝኖ ይሆናል፣ አልከራከርም። እኔ የምለው፣ መጀመሪያውኑ ሁሉም ነገር ወደ ኢንቨስተር ፊቱን ያዞረ ነበር። በሽተኛው መጨረሻ ላይ ነው የታሰበው።

ደግሞ ጁሴሮ የሚባል የጭማቂ መጭመቂያ ነበር። በ2016 ሲወጣ 699 ዶላር ነበር ዋጋው። ዋይፋይ አለው። 120 ሚሊዮን ዶላር ያህል ኢንቨስተር ሰጥቶታል። በ2017 የብሉምበርግ ጋዜጠኞች የጭማቂውን ከረጢት በእጃቸው ጨመቁት። ወጣ! በዚያው ዓመት ተዘጋ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከሰጡት ውስጥ አንዱ ወጥ ቤት ገብቶ ቢሞክረው ኖሮ ይበቃ ነበር።

ያንተ እንደነሱ አይደለም። ያንተ ነገር ይሠራል፣ ስላሳየኸኝ አውቃለሁ። ታዲያ የሚሠራ ነገር ለምን የማይሠራ ነገር አነጋገር ይዋሳል?

አንድ ሠራተኛ ገጽህን ስትከፍት ማወቅ የምትፈልገውን ልንገርህ። ሺፍቴ ሲቀየር በስንት ሰዓት ቀድሞ ይነግረኛል? አንድ ሰው ሲቀር የሚተካውን ማን ይጠራል፣ አፑ ነው ወይስ ሱፐርቫይዘሯ? ከአንዱ ታካሚ ቤት ወደ ሌላው የምሄድበትን ሰዓት ይቆጥርልኛል? ስልኬ ኔትወርክ ባጣበት ምድር ቤት ሰዓቴ ይመዘገባል ወይስ ይጠፋል? ይህቺ የመጨረሻዋ የደሞዝ ጉዳይ ናት። ስንቷ ጓደኛዬ የሠራችበትን ሰዓት ለማስመለስ ስትለምን አይቻለሁ።

የኤጀንሲው ባለቤት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። በ2016 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የድሆች ጤና መድን) የሚከፍልበትን የቤት እንክብካቤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ አረጋግጡ ይላል። ስድስት ነገር መመዝገብ አለበት፦ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የተቀበለው ሰው፣ የሰጠው ሰው፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት። አፕህ ስድስቱንም ይመዘግባል፤ አንተው ነህ ያሳየኸኝ። ገጽህ ላይ ግን አንዱም የለም! "ሁሉን አቀፍ መድረክ" ከምትል ይህን ብትጽፍ ባለቤቱ ያን ቀን ይደውልልሃል።

ውበት ይቅር አላልኩህም። ግን ክሬግስሊስትን፣ የማስታወቂያ ድረ ገጹን፣ ተመልከት። ክሬግ ኒውማርክ በ1995 እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ ለጓደኞቹ ኢሜይል በመላክ ነው የጀመረው። ገጹ እስከ ዛሬ ነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ ነው። "ኪራይ" የሚለውን ስትጫን ኪራይ ይመጣል። እዚህ አገር ስንገባ የተከራየነውን ክፍል ያገኘሁት እዚያ ነው፣ እንግሊዝኛዬ ገና ሳይፈታ። አጭበርባሪ አይጠፋበትም፣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሆኖም ምን እንደሆነ ለማወቅ የተቸገረ ሰው አላየሁም።

ዋጋህንም ጻፈው። "ያነጋግሩን" የሚለውን ሳይ እኔ ወዲያው ገጹን እዘጋለሁ። ትንሽ ኤጀንሲ ያላቸው ሴቶች፣ አስር አስራ አምስት ሠራተኛ የሚያስተዳድሩት፣ ለመደራደር ጊዜ የላቸውም። ስልክ ቁጥርም አድርግበት፣ ሰው የሚያነሳው። ሌሊት ታካሚው ጋ የሚሄድ ሰው ሲጠፋ ኢሜይል አይጻፍም።

የፊታችን እሑድ ኮምፒውተርህን ይዘህ ና። አብረውኝ ከሚሠሩት ሁለቱን ጠርቻለሁ፤ አንዷ ፊሊፒናዊት ናት፣ አንዷ የኛው አገር ልጅ። ከቅዳሴ መልስ ምሳ እንበላለን፣ ከዚያ ገጹን ከፍተህ ስጣቸውና አንተ ዝም በል። አታስረዳቸው። የት ጋ ግራ እንደሚገባቸው ብቻ እየጻፍክ ተቀመጥ። አብሮህ የሚሠራውን ልጅም አምጣው፣ ሽሮ ይወዳል አይደል? ያቺን ሴትዮ ግን እሑድን ሳትጠብቅ አንሳት።

የምትወድህ እናትህ